የራሴ ያልኩት ፎቶ

ባለፈው ዓመት ዓይኔን ሞራ ሲጋርደው ፎቶ ቤቱን ለእህቴ ልጅ አስረክቤ አረፍኩ። እሷ መጋረጃውን አውርዳ፣ ጨለማ ክፍሉን መጋዘን አድርጋ፣ ኮምፒውተር አስገብታለች። ጉርድ ፎቶ ሰውየው ቆሞ ሳለ አትማ ትሰጣለች። ደግ አደረገች፤ አልከፋኝም። እኔ ከእንግዲህ በረንዳ ላይ ተቀምጬ አላፊ አግዳሚ መቁጠር ነው ሥራዬ።

ከሚያልፉት መካከል የቆዩ ደንበኞቼ ጎራ ይሉና ያው አንድ ነገር ይጠይቁኛል። እኔ ያነሳሁት ሰው ለምን አይስቅም? በአሰላ «የሺ ዘንድ የተነሳ ሰው እንዳኮረፈ ይኖራል» እየተባለ ይቀለድብኛል። ሳቁ ብዬ አላውቅም፤ አትሳቁ ብዬም አላውቅም። ነገሩ እንዲህ በአንድ ቃል የሚመለስ አይደለም። እስኪ ከመጀመሪያው ላውጋው።

አያቶቼ ከሸዋ መጥተው ጭላሎ ግርጌ የሰፈሩ ናቸው። አብዮቱ ሲመጣ መሬቱ ወደ ገበሬ ማኅበር ገባ፤ አባቴም ከዚያ ወዲህ ጋቢውን ተከናንቦ ከደጅ የማይወጣ ሰው ሆነ። እኔ ትምህርቴን ከአሥረኛ ክፍል አቋርጬ የጠረጴዛ ልብስ እየጠለፍኩ መሸጥ ጀመርኩ። ጋሽ ደምሴ የእጅ ሥራዬን ያዩት አንድ ሰው ቤት ለበዓል ተጋብዘው ነው። ጨርቁን ገልብጠው በስተጀርባ በኩል መረመሩት አሉ። «ጀርባው እንደ ፊቱ የጠራ ጥልፍ የማን ነው?» ብለው ጠየቁና በማግስቱ አስጠሩኝ።

ጋሽ ደምሴ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ላይ ፎቶ ቤት የነበራቸው፣ አጠር ያሉ፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ነበሩ። ጥፍሮቻቸው በኬሚካል ብዛት እንደ ሻይ ቀልተዋል። ሙያውን በልጅነታቸው ናዝሬት ውስጥ ከአንድ ጣሊያን ነው የተማሩት። ፊልም ከመንካታቸው በፊት እስከ ክርናቸው ይታጠባሉ፤ ማንም በማይነካው ፎጣ ያደርቃሉ። ደንበኛ ሲመጣ አስቀምጠው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ ፈረሱ ያወራሉ እንጂ ካሜራው ኋላ አይሄዱም። «ሰው ካሜራ ፊት ሲቀመጥ ትከሻው ጆሮው ጋ ይደርሳል» ይሉኝ ነበር። «እስኪወርድ ጠብቂ። ትከሻው ሳይወርድ አትጫኚ።» ያተሙትንም ፎቶ ወዲያው አይሰጡም። ገመድ ላይ ሰቅለው ያሳድሩትና በማግስቱ በቀን ብርሃን ያዩታል። ካላረካቸው ቀደው እንደገና ያትማሉ። ወረቀት ውድ ነው ብዬ ስናገር አይሰሙኝም ነበር።

እኔን የቀጠሩኝ ለሪታች፣ የሰውን ፊት ኔጋቲቭ ላይ በእርሳስ ለማሳመር ነበር። ኔጋቲቩን ዘንበል ባለ መስታወት ላይ አድርጌ ከሥሩ የመስኮት ብርሃን እንዲያርፍበት አደርጋለሁ። እርሳሱ በብርጭቆ ወረቀት ተሞርዶ እንደ መርፌ ይሾላል። ኔጋቲቭ ላይ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ስለሆነ፣ የፊት መጨማደድ ብርሃን ሆኖ ይታያል። ያንን ብርሃን በእርሳስ ነጠብጣብ ስሞላው በወረቀቱ ላይ መጨማደዱ ይጠፋል። ዓመት ሳይሞላኝ የፈንጣጣ ጠባሳ አጠፋለሁ፣ የከሳውን ጉንጭ እሞላለሁ፣ ባልቴቷን ሙሽራ አደርጋለሁ። ሰዉ ይደሰታል። ደመወዜ ትንሽ ብትሆንም ለእኔና ለአባቴ ትበቃን ነበር። እኔም በሙያዬ ኮራሁ።

ከዚያ ቀይ ሽብር መጣ። የፎቶ ቤት ሥራ በዛ። ለቀበሌ መታወቂያ የሚሰለፈው አንድ ነገር ነው፤ ሌላው ግን በጓሮ በር የሚመጣው ነበር። እናቶች ናቸው። ከነጠላቸው ጫፍ ፈተው ጥፍር የምታህል ፎቶ ያወጡና «ትልቅ አድርጉልኝ» ይላሉ። ለምን እንደሆነ አይናገሩም፤ እኛም አንጠይቅም። በግልጽ ማልቀስ የተከለከለበት ጊዜ ነበር።

ከእነሱ አንዷ ወይዘሮ አስካለ ይባላሉ። ገበያ ላይ ፈትል የሚሸጡ፣ አንድ ልጅ ብቻ የነበራቸው ሴት ናቸው። ልጁ ተማሪ ነበር። ከቤት ወስደውት አልተመለሰም። የቀረው ፎቶ የትምህርት ቤት መታወቂያው ላይ የተለጠፈው ነው፤ እሱም የግራ ዓይኑ ላይ ሐምራዊ ማህተም አርፎበታል። «ዓይኑን አውጪልኝ» አሉኝ። አወጣልዎታለሁ አልኳቸው።

ጋሽ ደምሴ ፎቶውን እንደገና አንስተው አሰፉልኝና እኔ ማህተሙን በቀጭን ብሩሽ ማጥፋት ጀመርኩ። ማህተሙ ጠፋ፤ ከሥሩ ግን ዓይን የለም። ቀለሙ በልቶታል። ስለዚህ የቀኝ ዓይኑን ገልብጬ በግራው ቦታ ሳልኩት። ሽፋሽፍቱን አንድ በአንድ አስገባሁ፣ ብሌኑ ላይ የምታርፈውን ብርሃን ሳይቀር። ከሠራሁት ሁሉ እንደዚያ የረቀቀ አልነበረም። ጋሽ ደምሴ ገመዱ ላይ አይተውት ምንም ሳይሉ አለፉ። ዝም ማለታቸውን እንደ ምስጋና ቆጠርኩት።

ወይዘሮ አስካለ መጡ። ፎቶውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ትክ ብለው አዩት፣ አራቁት፣ አቀረቡት። ቆይተው በዝግታ «ይሄ ልጅ ማነው?» አሉኝ።

የእርስዎ ልጅ ነው እንጂ አልኳቸው።

«የእኔ ልጅ የግራ ዓይኑ ትንሽ ይጠባል። ሲወለድም እንዲሁ ነው» አሉ። «ይሄን አላውቀውም።»

ማህተሙን ሳልነካ እንደገና ላትምልዎት ብዬ ለመንኳቸው። መታወቂያውን ብቻ ተቀብለው በነጠላቸው ቋጠሩና ወጡ። ሁለተኛ ወደ ፎቶ ቤቱ አልመጡም። ገበያ ላይ ሰላም ስላቸው ይመልሱልኛል፤ ፊቴን ግን አያዩም። የሳልኩትን ፎቶ ጋሽ ደምሴ አንስተው ቀደዱት። የተናገሩት አንድ ነገር ነው፦ «ያላየሽውን አትሳይ።»

ከዚያ ቀን ወዲህ እርሳሱ አስጠላኝ። የሰው ፊት ላይ ሳጎነብስ ማንን እያጠፋሁ ይሆን እያልኩ እጄ ይቆማል። ለጋሽ ደምሴ ካሜራ ልያዝ ብዬ ነገርኳቸው። ሴት ካሜራ ይዛ ደጅ የምትዞርበት ጊዜ አልነበረም፤ እሳቸው ግን ያረጀች ካሜራቸውን አንገቴ ላይ አጠለቁልኝ። ፊልም የለባትም። «ገበያ ሂጂና አይተሽ ነይ» አሉኝ። ስመለስ «ዛሬ ምን አየሽ?» ብለው ጠየቁኝ። ገብስ የጫነ ፈረስ የምትስብ ሴት አየሁ አልኳቸው። ብርሃኑ ከየት ነበር? ፊቷን ነው ወይስ ጀርባዋን? ከኋላዋ ምን ነበር? አላወቅሁም። በማግስቱ እንደገና ላኩኝ። ክረምቱ እስኪያልፍ ድረስ በባዶ ካሜራ እየዞርኩ ማታ ማታ ያየሁትን እነግራቸው ነበር። የአሰላ ሰው ይቺ ልጅ ለየላት ብሎ ነበር። እኔ ግን ከሰፈሬ ሳልወጣ ሌላ አገር የገባሁ ያህል ነበር የተሰማኝ። የማየውን የምናገርበት ነገር በእጄ እንደያዝኩ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ፊልም የሰጡኝ ከዚያ በኋላ ነው።

የመንደር ምስረታው ዘመቻ ሲጀመር የጋሽ ደምሴ ደረት መታመም ጀምሮ ነበር። የጨለማ ክፍሉ ኬሚካል ተጠራቅሞባቸው ሲተነፍሱ ያፏጫል። አንድ መሥሪያ ቤት አዲሶቹን መንደሮች ፎቶ አንሱልን ብሎ አዘዘ። እንቢ የሚባል ትዕዛዝ አልነበረም። በእሳቸው ፈንታ እኔ ተላክሁ። ይዞኝ የሚሄደው ካድሬ ጓድ ሰይፉ ይባላል፤ ከአብዮቱ በፊት የሂሳብ አስተማሪ የነበረ፣ ንጹሕ የሚለብስ፣ ሲናገር የማይቆጣ ሰው ነው። በላንድሮቨር ወደ ጎበሳ አቅጣጫ ወጣን።

ከጎበሳ አለፍ ብሎ ገበሬው የገዛ ቤቱን አፍርሶ፣ ምሰሶውንና ግድግዳውን ተሸክሞ ሜዳው ላይ በተሠመረው መስመር እንደገና ያቆማል። ቤቶቹ እንደ ወታደር ተሰልፈዋል። ገሚሶቹ ጣራ የላቸውም፤ ዝናቡ ግን መጥቷል። ውሃ ሩቅ ነው፤ እርሻው ደግሞ ከኮረብታው ማዶ ቀርቷል። ጓድ ሰይፉ ሰዉን ሰብስቦ እንዲያጨበጭብ አዘዘ። አጨበጨቡ፣ አነሳሁ። ባንዲራ ያዙ፣ አነሳሁ። ለእኔ እነዚያ ፎቶዎች ዓይኑን እንደሳልኩበት ልጅ ነበሩ።

ስብሰባው ሲጀመር ሾፌሩን እግሬን ላፍታታ ብዬው ኮረብታውን ወጣሁ። ከማዶ የፈረሱት ቤቶች ቦታ ይታያል። ቤት የነበረበት ሁሉ መሬቱ ክብ ሆኖ፣ ከዙሪያው ሣር ነጥቶ ቀርቷል። ከአንዱ ክብ ጫፍ ላይ ሁለት አዛውንት ተቀምጠዋል። ባልየው ኦቦ ቱፋ፣ ሚስቲቱ አዴ መኪያ ይባላሉ፤ ስማቸውን የነገሩኝ ኋላ ነው። በኦሮምኛ ሰላም አልኳቸው። እዚህ ምን ያደርጋሉ፣ ስብሰባ አይደለም ወይ ብዬ ጠየቅሁ።

«ደጃችን ላይ ተቀምጠናል» አሉኝ ኦቦ ቱፋ። «ቤቱን ወስደውታል። በሩ ግን እዚህ ነበር።»

እውነትም ለበሩ ቦታ ለቀው፣ እሳቸው በቀኝ፣ እሷ በግራ፣ ቤቱ ቆሞ ሳለ ማምሻውን እንደሚቀመጡት ነው የተቀመጡት። ከኋላቸው የምድጃው ሦስት ድንጋይና እርጥብ አመድ አለ። ዝናቡ አባርቶ ብርሃኑ ከጎን እየመጣ ነው። አዴ መኪያ ካሜራዬን አይተው አንሺን አሉኝ። እንደ ጋሽ ደምሴ ልማድ ስለ ገብሳቸው፣ ስለ ልጆቻቸው አወራኋቸው። ትከሻቸው እንዲወርድ ጠበቅሁ። አልወረደም። ሁለቱም እንደ ተሸከመ ሰው አንገታቸውን በትከሻቸው መሃል ቀብረው፣ ዓይናቸውን እኔ ላይ ተክለው ቀሩ። ትከሻቸው የሚወርድበት ጊዜ እንዳልሆነ፣ ፎቶው ራሱ ያ እንደሆነ ድንገት ገባኝ። ጫንኩት።

አሰላ ስመለስ ፊልሙን አጥቤ ያችን አንዷን አተምኩና ለጋሽ ደምሴ ሳልነግራቸው ገመዱ ላይ ሰቀልኳት። ጠዋት ስገባ ከፊቷ ቆመው አገኘኋቸው።

«ትከሻቸው ሳይወርድ ነው የጫንሽው» አሉኝ።

«አዎ።»

«ደግ አደረግሽ» አሉ። «እስከ ዛሬ ያነሳሽው የእኔ ነበር። ይሄ ያንቺ ነው።»

ከእናቴ ሞት ወዲህ እንባ ያወጣሁት ያን ዕለት ነው። ፎቶዋን በካርቶን አሽጌ እህል ለመጫን ጎበሳ ለሚወጣ ሾፌር ሰጠሁት፤ ለባለቤቶቹ አደረሰልኝ። ኔጋቲቯን ግን ከፊልሙ ቆርጬ አስቀረኋት። መሥሪያ ቤቱ ፊልሙን ከነፎቶው ስለሚረከብ፣ ሁለቱ አዛውንት ከስብሰባ ቀርተው በፈረሰው ቤታቸው ላይ ሲያለቅሱ ተገኙ ተብሎ እንዳይያዝባቸው ፈራሁ።

ጓድ ሰይፉ ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንስቶ ተመለከተ። በፊልም ጠርዝ ላይ ተራ ቁጥር አለ። የሂሳብ አስተማሪ ነውና አንዱ ቁጥር መዝለሉን ወዲያው አየ። ጋሽ ደምሴ ቀድመውኝ «በእጄ ተበላሽቶ ነው፣ ኬሚካል አቃጥሎት ነው» አሉት። ፊልሙን ኪሱ ከትቶ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ፈታሾች ይዞ መጣ። ኔጋቲቯ ከፎቶ ወረቀት ሣጥን ሥር ተገኘች። ሁለታችንንም ወሰዱን።

እኔ ነኝ ያነሳሁት፣ እሳቸው ቦታው ላይም አልነበሩም ብዬ ገና በሩ ላይ ተናገርኩ። ጻፉት፤ ግን አንዳችንንም አላስለቀቀም። ጓድ ሰይፉ ጥያቄውን በእርጋታ ነበር የሚጠይቀኝ። ሕዝቡ አዲስ ቤት ተሠርቶለት ሳለ የፈረሰውን ለማን ልትልኪ አነሳሽው? ማን አዘዘሽ? ማንም አላለኝም አልኩት። ያለ ትዕዛዝ ሰው ለምን ፎቶ ያነሳል? ለዚህኛው መልስ ነበረኝ፤ እሱ የሚገባው ዓይነት ግን አልነበረም። «ሰዎቹ እዚያ ነበሩ፤ አየኋቸው» አልኩት። ክብሪት ጭሮ ኔጋቲቯን በፊቴ አቃጠላት። ፊልም ሲቃጠል ተጠቅልሎ ይንጠባጠባል፤ ሽታውም ከጉሮሮ አይለቅም።

እኔን ከሳምንታት በኋላ ለቀቁኝ። ጋሽ ደምሴን «አስተማሪዋ አንተ ነህ» ብለው እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ክረምቱን በሙሉ አቆዩአቸው። ስንቅ ሳመላልስ ልብሳቸው ከውስጥ ተጠቅልሎ ይወጣልኛል፤ ደም የነካው አለበት። ሲወጡ ሁለት ሰው ደግፎ ነው ያወጣቸው። ጨለማ ክፍል መግባት ቀረ፤ የኬሚካሉ ሽታ ብቻ ያፍናቸዋል። ካሜራዎቹ ተወርሰው ለጉርድ ፎቶ የሚሆን አንድ ትልቅ ሣጥን ካሜራ ብቻ ትተውልናል። በር ላይ ወንበር አወጣላቸውና ፀሐይ ይሞቃሉ።

አንድ ቀን «ዛሬ ምን አየሽ?» አሉኝ።

ምንም አልኳቸው። ከእስር ወዲህ ዓይኔን ከመሬት አላነሳም ነበር።

«ዋሸሽ» አሉኝ። ሳላቸው እስኪያልፍ ጠብቀው ቀጠሉ። «በይ ያን ሣጥን አውጪና እኔን አንሺኝ። እርሳስ እንዳትነኪበት።»

ከመጋረጃው ፊት ሳይሆን በሩ ላይ፣ ፀሐዩ ላይ እንዳሉ አነሳኋቸው። ትከሻቸው በየትንፋሹ ይነሳል። ከአጥንታቸው በቀር ያልከሳ የላቸውም። አትሜ አሳደርኩና ጠዋት አሳየኋቸው። አዩት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ መለሱልኝ። ጥቅምት ሳያልቅ አረፉ። ከዚያ ወዲህ ሪታች አልሠራሁም። ያኮረፈ ይመስላል የሚሉት ሰው ሁሉ እርሳስ ያልነካው ሰው ነው። ለብሔራዊ ውትድርና የሚታፈሱት ልጆች ከመሄዳቸው በፊት ከእናታቸው ጋር ሲነሱም እንደመጡ ነው የማነሳቸው። አንዳንዱ ይቆጣኝ ነበር። በኋላ ልጆቹ ሳይመለሱ ሲቀሩ፣ እናቶቹ ከዚያች ፎቶ ሌላ አልነበራቸውም፤ ማነው ይሄ ብላ የመጣች ግን የለችም።

በደርግ መጨረሻ ላይ ሰው ወደ ፈቀደበት ይመለስ ሲባል፣ ሜዳው ላይ የተሰለፉት ቤቶች በጥቂት ሳምንት ውስጥ ጠፉ አሉ። ካሜራ ተውሼ ወደ ጎበሳ ተሳፈርኩ። ያችን ፎቶ ለማየት ነበር የሄድኩት። ኔጋቲቩ አመድ ሆኗል፤ በዓለም ላይ ያለችው እነሱ እጅ ያለችው ብቻ ናት።

ኮረብታው ላይ የኦቦ ቱፋና የአዴ መኪያ ወንዶች ልጆች ጎጆ ሲከድኑ አገኘኋቸው። አዴ መኪያ አወቁኝ። ኦቦ ቱፋ ሜዳው ላይ በገቡ በሁለተኛው ክረምት ሞተዋል። ልጆቹ ብርድ ነው አሉኝ። አዴ መኪያ ብርድ አይደለም አሉ። ከልብሳቸው መሃል በጨርቅ የተጠቀለለውን አውጥተው ሰጡኝ።

ፎቶዋ ደብዝዛ ጠፍታለች። በዚያ ሰሞን ምስል የሚያጸናው፣ ፊክሰር የሚባለው ኬሚካል ከገበያ ጠፍቶ በተዳከመው ነበር የምንሠራው፤ ምስሉ ሳይጸና ቀርቶ ዓመት በዓመት ተበልቷል። ወረቀቱ እንደ ቅቤ ቢጫ ሆኗል። አንገት የመሰለ ጥላና የምድጃው ድንጋይ ብቻ በጭላንጭል ይታያል። ጋሽ ደምሴ ያንቺ ነው ያሉኝ፣ እሳቸውን እስከ ሞት ያደረሰው ሥራ ይኸው ነው። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት አዴ መኪያ ፎቶዋን ከእጄ ወሰዱና በጣታቸው እያመለከቱ ያሳዩኝ ጀመር።

«ቱፋ ይሄ ነው» አሉኝ። «እኔ ይቺ ነኝ። በሩ ይሄ ነው። ያቺ ደግሞ አመዷ ናት።»

ጣታቸው አልሳተም። እያንዳንዱ ያለበትን ቦታ እኔ አውቀዋለሁና አየሁት። አጠገባችን የቆመች የልጅ ልጃቸውም ዘንበል ብላ በዚያችው ባዶ ወረቀት ላይ የወንድ አያቷን ቦታ ነካች።

የዚያን ዕለት ሌላ አንሺኝ አሉኝ። አዲሱ ቤት የተተከለው የድሮው ክብ ላይ ነው፤ በሩም በዚያው በኩል ነው። አዴ መኪያ ሄደው ከበሩ በስተግራ ተቀመጡ። በስተቀኝ ያለው ቦታ ባዶ ነው። ልጃቸው እማ ወደ መሃል ጠጋ በይ አላቸው። ከቦታቸው አልተነሱም። እኔም ጠጋ ይበሉ አላልኩም፤ ሁለቱንም ቦታ አስገብቼ አነሳሁ።